ፖስትካርዱ «ሴኔቱን የሚለየው አንድ ወንበር ነው» ይላል፤ የትኛውን ሴኔት?

ጥያቄ፦ አዲስ መራጭ (ብሉሚንግተን፣ ሚኒሶታ)

ጤና ይስጥልኝ። ዜግነት ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው። አሜሪካ ውስጥ ድምጽ ሰጥቼ አላውቅም። ሰሞኑን የፖስታ ሳጥኔ በምርጫ ወረቀት ተጨናንቋል። አንዱ ፖስትካርድ «የሚኒሶታን ሴኔት የሚለየው አንድ ወንበር ነው» ይላል። ሌላውም ስለ ሴኔት ያወራል፣ ፎቶው ግን የሌላ ሰው ነው። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ብጠይቀው «ሴኔት ያለው ዋሽንግተን ነው፣ መቶ ሰው ነው፣ አለቀ» አለኝ። ዴሞክራት የሚል ስፈልግ ደግሞ «ዲኤፍኤል» የሚል ብቻ አገኘሁ። ይሄ ሌላ ፓርቲ ነው?

ደግሞ ቤት ቀይሬያለሁ። መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው የድሮው የሴይንት ፖል አድራሻ ነው። ኤርፖርት ሌሊት ነው የምሠራው፤ ጠዋት ቤት ስገባ ሬሳ ነኝ። ያን ሁሉ ተሯሩጬ የምሰጠው ድምጽ ለውጥ ያመጣል ወይ? እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ የሪቨርሳይድ ልጅ (ሚኒያፖሊስ)

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ግራ መጋባትህ አይገርምም። ኖቬምበር 3፣ 2026 የሚሰጥህ ወረቀት ላይ ሁለቱም ሴኔቶች አሉ።

አንደኛው ጓደኛህ የነገረህ የዋሽንግተኑ ነው። ቲና ስሚዝ ድጋሚ አልወዳደርም ስላለች ወንበሩ ክፍት ነው፤ የሚኒሶታ ሰው ሁሉ ለዚያ አንድ ወንበር ይመርጣል። ሁለተኛው የስቴቱ ሴኔት ነው። ሴይንት ፖል፣ ካፒቶል ሕንፃ ውስጥ የሚቀመጠው። 67 ወንበር አለው፤ ዘንድሮ 67ቱም ለምርጫ ይቀርባሉ። አንተ የምትመርጠው የራስህን ወረዳ ሰው ብቻ ነው። በ2020ው ቆጠራ አንድ ወረዳ ወደ 85 ሺህ ሰው ገደማ ይደርሰዋል። እያንዳንዱ የሴኔት ወረዳ ደግሞ «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ከየግማሹ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ይወጣል። ስለዚህ ለስቴቱ ምክር ቤቶች ከሚወዳደሩት፣ ወረዳው ቁጥርና ፊደል ካለው የተወካዮቹ (የታችኛው ምክር ቤት) ነው፣ ቁጥር ብቻ ካለው የስቴቱ ሴኔት ነው።

ዲኤፍኤል ሌላ ፓርቲ አይደለም። በ1944 የሚኒሶታ ዴሞክራቶችና ፋርመር ሌበር የሚባለው የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲ ተዋሃዱ፣ ስሙ እንደዚያው ቀረ። በሌላ ስቴት ዴሞክራት የሚባለው ማለት ነው።

አንድ ወንበር የተባለው እውነት ነው። በ2022 ዲኤፍኤል 34፣ ሪፐብሊካን 33 ሆነው ወጡ። እኔ ያለሁበት 60ኛው ወረዳ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ቀደም ሲል የአብላጫው መሪ የነበረችው ሴናተራችን በዲሴምበር 2024 በካንሰር አረፈች። በማግስቱ ሴኔቱ 33 ለ33 ሆነ። ሁለቱ ፓርቲዎች ለሴኔቱ ሁለት ፕሬዚዳንት ሾመው፣ ሥልጣን ተካፍለው ጀመሩ። ምትክ የተመረጠው በጃንዋሪ 28፣ 2025 ነው። ያን ቀን ሕንፃችን ሥር ያለው ሱቅ የነበረው ሰው ግማሹ ምርጫ መኖሩን አያውቅም ነበር። የዲኤፍኤሉ ዶሮን ክላርክ አሸነፈና 34 ለ33 ተመለሰ። ከዚያ በኋላም ወንበሮች ተጓድለው ነበር፤ ኖቬምበር 2025 ላይ በሁለት ወረዳዎች ማሟያ ምርጫ ተደርጎ እንደገና 34 ለ33 ሆነ። ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው።

መልስ፦ አሌክሳንድሪያ ነኝ

ለእኛ ቨርጂኒያ ላለነው ይሄ የቆየ ታሪክ ነው። የእኛ ሴኔት 40 ወንበር ነው፤ በ2023 ዴሞክራቶች 21 ለ19 አሸነፉ። ቀጣዩ የሴኔት ምርጫችን 2027 ነው፤ እኛ ጋ የስቴት ምርጫ በጎዶሎ ዓመት ነው። እኩል ለእኩል ቢሆን እንኳ አትጨነቅ፣ ምክትል ገዢው ድምጽ ሰጥቶ ይለየዋል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ለታችኛው ምክር ቤት የተወዳደሩ ሁለት ሰዎች ድምጻቸው እኩል መጣ። ምን አደረጉ? ዕጣ! ስማቸውን በሁለት ወረቀት ጽፈው፣ የፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ከተው፣ ከሳህን አወጡ። ልክ እንደ እቁብ። ዴቪድ ያንሲ ወጣለት፣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ። እቁቡን ያጣችው ሼሊ ሳይመንድስ ናት። አንድ ሰው ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ቢመርጥ ኖሮ ሳህን ባላስፈለገ ነበር።

መልስ፦ የሪቨርሳይድ ልጅ

የዕጣው ታሪክ ጥሩ ነው፤ ግን ጠያቂያችንን እንዳታሳስተው። ምክትል ገዢው ይለየዋል ያልከው ለቨርጂኒያ ነው። የሚኒሶታ ምክትል ገዢ ሴኔቱን መምራት ከተወ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ድምጽም የለውም። እዚህ አንድ ሕግ ሴኔቱን ለማለፍ 34 ድምጽ የግድ ነው። 33 ለ33 ከሆነ ከሌላው ወገን ሰው ካልመጣ ነገሩ እዚያው ቆሞ ይቀራል። 34 ያለው ደግሞ የኮሚቴ ሰብሳቢዎቹን ይሾማል። ሰብሳቢው ያልወደደው ሕግ ድምጽ ሳይሰጥበት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት (ሴይንት ፖል)

ይሄ ቁጥር ምን ይጠቅመኛል ለሚል፣ ከእኔ ቤት ልጀምር። ልጆቼ ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ በነፃ ይበላሉ። በ2023 የወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ሁሌ እሑድ ማታ የምሳ አካውንታቸው ላይ ገንዘብ መኖሩን ማየት ነበረብኝ፤ ገቢያችን ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ስለሚል ነፃው አይደርሰንም ነበር። በዚያው ዓመት የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰውም መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ ተፈቀደ። ስትወልድ ወይም እናትህ ሲታመሙ የሚከፈልበት ፈቃድም የዚያ ዓመት ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 2026 ነው። ያኔ ገዢው፣ ታችኛው ምክር ቤትም ሴኔቱም በአንድ ፓርቲ እጅ ነበሩ፤ ሴኔቱ በዚያች በአንዲት ወንበር።

ቀጥሎ ምን ሆነ? በ2024 ምርጫ ታችኛው ምክር ቤት 67 ለ67 ሆነ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው አዋቂዎች ሚኒሶታኬር የሚባለውን የስቴቱን የጤና መድን እንዲያገኙ በ2023 ተፈቅዶ ነበር፤ በ2025 በጀቱን ለማስማማት ሲሉ ለአዋቂዎቹ ተነሳ። የቀረው ለልጆች ብቻ ነው። ከማኅበራችን ሰዎች ውስጥ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ደብዳቤውን ይዘው መጥተው «አንቺ፣ ይሄ ምን ይላል?» ሲሉኝ ለማንበብ አፈርኩ። ይህ ጥሩ ነው የሚልም አለ፤ ወጪው ከብዶ ነበር ይላሉ። እሱን ለእናንተ ልተወው። ግን የተወሰነው ዋሽንግተን አይደለም፣ እዚሁ ነው።

መልስ፦ ባለ ታክሲው

ሁለቱም ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው። እኔ ያለሁበት ወረዳ ደግሞ ዲኤፍኤል ያልሆነ ሰው ተመርጦ አያውቅም። መረጥኩ አልመረጥኩ ያው ነው። ያንን ሰዓት ኤርፖርት ብቆም ሁለት ሰው እጭናለሁ።

መልስ፦ ኤሌክሽን ጃጅ (የምርጫ ጣቢያ ሠራተኛ) ነኝ (ሄነፒን ካውንቲ)

ባለ ታክሲው፣ ስለ ወረዳህ ግማሽ እውነት አለህ። እንዲህ ዓይነት ወረዳ ውስጥ ትልቁ ምርጫ ኦገስት ላይ ያለው ፕራይመሪ፣ ማለትም የየፓርቲው እጩ የሚለይበት ምርጫ ነው፤ ዘንድሮ ኦገስት 11። ሚኒሶታ ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ የለም፤ ማንም ሄዶ መምረጥ ይችላል። ግን ወረቀቱ ላይ ሁለት ፓርቲ ቀላቅለህ ምልክት ካደረግህ የፓርቲው ክፍል ይበላሻል። ሁልጊዜ የሚበላሽ አለ፣ እባካችሁ አንዱን ፓርቲ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ ሁሉም ወረዳ እንደ አንተ አይደለም። በ2022 በሃስቲንግስና በኮቴጅ ግሮቭ በኩል ያለው 41ኛው የሴኔት ወረዳ ያለቀው ከ400 ባነሰ ድምጽ ነው። በ2024 ሻኮፒ ላይ ለታችኛው ምክር ቤት የዲኤፍኤሉ ብራድ ታብኪ ያሸነፈው በ14 ድምጽ ነው። እዚያው 20 የድምጽ ወረቀት ሳይቆጠር ጠፋ፤ ሳይጣል አልቀረም ተባለ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። መራጮች መጥተው ማንን እንደመረጡ መሰከሩ። ፍርድ ቤቱም ድሉን አጸናለት፤ 67 ለ67 የሆነው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂው። የአንተ ነገር ቀላል ነው።

ቤት የቀየረ ሰው እንደገና መመዝገብ አለበት። ዛሬ ስልክህ ላይ የስቴቱን ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት (ምርጫን የሚመራው ቢሮ) የምርጫ ገጽ ክፈት። የመንጃ ፈቃድ ቁጥርህን ወይም የሶሻልህን የመጨረሻ አራት ቁጥር ይጠይቅሃል። እስከ ኦክቶበር 13 ከጨረስክ ስምህ መዝገቡ ላይ ይቆይሃል፤ ያኔ መታወቂያ እንኳ አንጠይቅህም። ስምና አድራሻህን ትነግረናለህ፣ ትፈርማለህ፣ ወረቀትህን ትወስዳለህ። የምዝገባ ቅጹ በአማርኛም አለ። አድራሻህን ስታስገባ ወረዳህንና የናሙና ወረቀቱንም ያሳይሃል፤ የፖስትካርዱ ሰውዬ የየትኛው ሴኔት እንደሆነ ያኔ ይለይልሃል።

ካመለጠህም አትደንግጥ፣ በምርጫው ቀን እዚያው ጣቢያው ላይ ትመዘገባለህ። የድሮ አድራሻ ያለው መንጃ ፈቃድህና አዲሱ አድራሻህ ያለበት አንድ ወረቀት ይበቃል፦ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ወይም የስልክ ቢል። ቢሉ ከምርጫው በ30 ቀን ውስጥ ያለ መሆን አለበት። በስልክ ስክሪን ብታሳየኝም እቀበላለሁ። ባለፈው ጊዜ አንድ ልጅ የስልክ ቢሉን ሲከፍት ስሙ የለም፤ የእህቱ አካውንት ነው! አራት የሚሆን ሰው ከኋላው ተሰልፎ እሱ ኢሜይል ውስጥ ይዳክራል። በመጨረሻ የሕንፃው ጎረቤት ገባችና አዳነችው። ሕጉ ይፈቅዳል፦ በዚያው ጣቢያ የተመዘገበ ሰው «ይሄ ሰው እዚህ ይኖራል» ብሎ ፈርሞ ይመሰክራል። አንድ ሰው እስከ ስምንት ሰው ድረስ መመስከር ይችላል። ራሱ በምስክር የተመዘገበ ግን ለሌላ አይመሰክርም።

የሌሊት ሥራህን በተመለከተ፣ ከምርጫው 46 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ማለትም ከሴፕቴምበር 18፣ በካውንቲው ምርጫ ቢሮ ገብተህ መምረጥ ትችላለህ። ብዙ ከተሞችም በማዘጋጃ ቤታቸው ያስመርጣሉ። እንቅልፍህን ጨርሰህ ከሰዓት ሂድ። በምርጫው ቀን መምረጥ ከፈለግህ ደግሞ ማታ 8 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ከገባህ ማንም አይመልስህም (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ ሁለት ሰዓት)። ፈረቃህ ከምርጫው ጋር ከተጋጨ አሠሪህ ደሞዝ ሳይቆርጥ ሄደህ እንድትመርጥ መልቀቅ አለበት፤ ቀደም ብለህ ንገረው። የሚያነብልህ ሰው ይዘህ መግባትም ትችላለህ፣ አሠሪህና የዩኒየንህ ሰው ካልሆነ።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ያለኝ

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። አራት ዓመት ሆኖኛል፣ ግብር እከፍላለሁ። ለስቴት ሴኔት ብቻ እኔስ መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ኤሌክሽን ጃጅ ነኝ

አይቻልም እህቴ። ለስቴትም ለዋሽንግተንም ዜጋ መሆን ግድ ነው። ቅጹ ላይ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ሳጥን ላይ በስህተት እንኳ ምልክት እንዳታደርጊ፤ ዜግነትሽን ሊያስከለክል፣ ከአገርም ሊያስወጣ ይችላል። መንጃ ፈቃድ ስታወጪም የምርጫ ነገር ከተነሳ ዜጋ አይደለሁም በይ። ማንም «ችግር የለውም» ቢልሽ አትስሚው።

ጠያቂው ተመለሰ፦ አዲስ መራጭ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ በእረፍት ሰዓት ገባሁና ተመዘገብኩ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፖስትካርዶቹን ከናሙናው ጋር አስተያየኋቸው። አንደኛው ሰውዬ የእኔ ወረዳ አይደለም! የሚኖረው ከሃይዌዩ ማዶ ነው፣ በስህተት ነው የላኩልኝ። ሁለተኛው የዋሽንግተኑ ነው። የእኔን ወረዳ የስቴት ሴኔት እጩዎች ስም ያየሁት ገና ትናንት ነው፤ ማናቸውም ፖስትካርድ አልላኩልኝም።

ባለ ታክሲው፣ የምትቆመው ተርሚናል አንድ ከሆነ ቡና ልጋብዝህ። ሴፕቴምበር ላይ አብረን እንሄዳለን።

መልስ፦ ባለ ታክሲው

ተርሚናል ሁለት ነኝ። ቡናውን ግን እቀበላለሁ።