ቆሞ ፀሐይ የሚሞቅ ነጭ ዓሳ በፍላይ ይያዛል?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም የጣና ሰዎች። መንጠቆ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ትል ሰክቶ መወርወር ነው። አሁን ግን ውጭ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የፍላይ ዘንግ ላከችልኝ። ለማያውቅ፦ እዚህ ክሩን የሚያከብድ የእርሳስ ብረት የለም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ጫፉ ላይ ስስ ናይሎን አለ። እሱ ላይ በላባና በፀጉር የተሠራች፣ ነፍሳት የምትመስል መንጠቆ ትታሰራለች፤ ፍላይ የምትባለው እሷ ናት።

ረፋድ ላይ፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ ድንጋዮቹ ላይ ሆኜ ነጭ ዓሳ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ታች ጭቃ የሚቆፍረው ያነሳልኛል፤ እሱ ላይ ችግር የለብኝም። ችግሬ ሁለቱ ናቸው። አንዱ ውሃው ፊት ስር ዝም ብሎ ቆሞ ፀሐይ ይሞቃል። ሌላው ዳር ዳሩን ቀስ እያለ ይንሸራሸራል። ፍላይዋን ስጥልላቸው ወይ ዞር ብለው አያዩኝም፣ ወይ ብን ብለው ይጠፋሉ። አጎቴ "የጠገበ ዓሳ አትጨቅጭቅ" ይሉኛል። እውነት ነው?

ካርፕ አሳዳጅ፦
አጎትህ ግማሽ ልክ ናቸው። እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ አሁን ያለሁት አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ሳውዝ ፕላት ወንዝ ካርፕ የሚባል ዓሳ ሞልቶታል፤ ፈረንጆቹም በፍላይ ያሳድዱታል። ካርፕና ነጭ ዓሳ አንድ ቤተሰብ ናቸው። የሁለቱም ጥርስ ጉሮሯቸው ውስጥ ነው እንጂ መንጋጋቸው ላይ አይደለም። እዚህ ያየሁትን ልንገርህና ጣና ላይ ሞክረህ ራስህ ፍረድ።

መጀመሪያ ዓሳህን ምረጥ። ቀጥ ብሎ የሚፈጥነውን ተወው፤ ጉዳይ አለው። ቀስ እያለ የሚሄደው ግን ያገኘውን ይቀምሳል። ከፊቱ አንድ ሁለት ሜትር አስቀድመህ ጣልለት። አናቱ ላይ ከወረደች አለቀ። ፍላይዋ እሱ ወዳለበት ጥልቀት ቀድማ ትውረድ። ሲደርስባት ክሩን በጣትህ ትንሽ ሳብ። አንዴ ይበቃል። ደግሞ ወደ ዓሳው አቅጣጫ አትሳባት። ሊበላት ወደመጣ ዓሳ የምትሮጥ ነፍሳት የት አለች?

ፀሐይ የሚሞቀው ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ ምግብ ፍለጋ አይነሳም። ግን ማዕድ ላይ "ጠግቤያለሁ" እያለ ጉርሻ ሲመጣለት አፉን የሚከፍት ሰው አታውቅም? እሱ ነው። ስለዚህ አጉራሹ አንተ ነህ። ከዓሳው አሻግረህ ጣል። ዘንግህን ከፍ አድርገህ ፍላይዋን ውሃው ፊት ላይ እየጎተትክ አምጣት። ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ያህል ስትርቅ ዘንጉን ዝቅ አድርገህ ልቀቃት። እየተንሳፈፈች ትውረድ። ለዚህ ከባድ ፍላይ አይሆንም፤ የምታሰምጣት የብረት ዶቃ የሌላት፣ 10 ወይም 12 ቁጥር መንጠቆ ላይ የታሰረች ትሁን።

ንክሻውን በእጅህ አትጠብቅ። እስኪሰማህ ተፍቷት ሄዷል። ዓይንህ ዓሳው ላይ ይሁን። ጭንቅላቱን ካዞረ፣ ስንጥቡ ከተከፈተ፣ ወይም እየሄደ የነበረው ድንገት ከቆመ፣ ያኔ ክሩን በግራ እጅህ ሳብ። ዘንጉን ወደ ላይ አትንጠቅ። ካልጎረሳት ፍላይዋ ከውሃ ተፈናጥራ ወጥታ ሁሉንም ታባርርብሃለች። የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር ከሌለህ ግን ይሄ ሁሉ ወሬ ነው።

የደንገል ታንኳ፦
ስለ ፍላይ አላውቅም። ስለ ነጭ ዓሳ ግን ልናገር። ዋናው ድምፅ ነው። አባቴ ታንኳ ላይ መቅዘፊያ ካንኳኳን ይቆጣን ነበር። ድንጋይ ላይ ጫማህን አታንኳኳ፤ ጥላህም ቀድሞህ አይድረስ። ወደ ዓባይ መውጫው በኩል ከሄድክ ደግሞ ጉማሬ አለ። "ዓይንህ ዓሳው ላይ ይሁን" የተባለውን እዚያ እንዳትሰማ! ውሃ ውስጥም አትግባ፤ ቢልሃርዝያ አለ።

የዓሳ ሀብት ተማሪ፦
የድምፁ ነገር እውነት ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሳ የአየር ከረጢቱ በጥቃቅን አጥንቶች ከጆሮው ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ከብዙ ዓሳ የተሻለ ይሰማል። ሌላም አለ። የአንዱ ቆዳ ሲጎዳ ኬሚካል ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ ጓደኞቹ ይሄን ሲያሸቱ ይሸሻሉ። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ሳይንቲስት በ1938 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ስለዚህ አንድ ከያዝክ ቦታ ቀይር።

"ነጭ ዓሳ" ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ደግሞ ከ12 በላይ ዝርያ ነው፤ አብዛኛው ከጣና ሌላ የትም የለም። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሳ የሚበላ ነው። ካርፕ አሳዳጅ የነገረህ ጉርሻ ለእነሱ ላይሆን ይችላል፤ ትንሽ ዓሳ የምትመስል ፍላይ ሞክር። አንድ ነገር ለምኜህ፦ ነሐሴና መስከረም ላይ ብዙዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ሌሎቹ ወንዞች ይወጣሉ። ያኔ ተዋቸው።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አጎቴንም አስነብባቸዋለሁ፣ ባያምኑም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳስ? ናይሎኑስ ስንት ሜትር ይሁን?

ካርፕ አሳዳጅ፦
ንፋስ ከተነሳ ዓሳው አይታይህም፤ ካልታየህ ደግሞ የነገርኩህ አይሠራም። ከንፋስ የተከለለ የደንገል ጥግ ፈልግ፣ ካጣህ ወደ ቤትህ። ናይሎኑን ሦስት ሜትር ያህል አድርገው፣ ወፍራሙ ክር ዓሳው አናት ላይ እንዳያርፍ። አምስት ኪሎ ከማይችል ናይሎን ጋር አትድከም፤ ደንገሉ ውስጥ ከገባብህ በጥሶ ይሄዳል።