ክሬቲን፣ ፕሪወርክአውት፣ ጫት፦ ከኦፕራሲዮን በፊት የቱ ይቁም? (ጅማ)

ብረት_78
ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚሁ ጅማ የብሽሽት ቡአ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አለኝ። 78 ኪሎ ነኝ፣ በሳምንት አምስት ቀን ጂም እሠራለሁ። የምወስደው ክሬቲን በቀን 5 ግራም፣ ፕሮቲን ፓውደር፣ 200 ሚሊግራም ካፌይን ያለው ፕሪወርክአውት (ከጂም በፊት የሚጠጣ ማነቃቂያ) እና የዓሣ ዘይት ነው። ቡና በቀን አራት ስኒ፣ ጫት ቅዳሜና እሁድ። ላቦራቶሪ ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያጣራው የጡንቻ ቆሻሻ) 1.4 ወጥቶ ኩላሊትህ ይታይ ተብያለሁ። ማደንዘዣው ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ስላለው ከክሬቲን ጋር ይጋጫል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ሰመመን_ክፍል
አይጋጭም፤ ሥራቸው ለየቅል ነው። ክሬቲን ጡንቻው ውስጥ ገብቶ ፎስፎክሬቲን ሆኖ ይቀመጣል፣ ብረት ስትገፋ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች የሚያልቀውን የጡንቻ ነዳጅ (ኤቲፒ) ይተካል። ጡንቻ የሚያዝሉት መድኃኒቶች ግን ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት በር ላይ ነው የሚሠሩት። ቬኩሮኒየም በሩን ይዘጋዋል። ሳክሲኒልኮሊን ደግሞ ከፍቶ ይዞት ይቆያል። በኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ይሰጣል፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጡንቻው ተርገፍግፎ ይዝላል፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ ይለቃል። በማግስቱ አንገትና ትከሻ ላይ የሚሰማው ሕመም ከዚያ መርገፍገፍ የሚመጣ ነው፤ ልክ ከከባድ ጂም በኋላ እንዳለው ነው።

ክሬቲኒኑን በተመለከተ፦ ክሬቲን ሰውነት ውስጥ ወደ ክሬቲኒን ስለሚለወጥ፣ ብዙ ጡንቻም ራሱ ስለሚያመርት፣ 1.4 ብቻውን ኩላሊት ታሟል አያሰኝም። ግን በግምት አይታለፍም። ክሬቲኑን ዛሬ አቁም፣ ምርመራውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገም። ከምርመራው በፊት 3 ቀን ብረት አትግፋ፣ ዋዜማውን ሥጋ፣ በተለይ የበሰለው፣ ይቅር። ሽንትህ ፕሮቲን እንዳለውም ይታይ። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ክሬቲን ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅ ብዙም አትጎዳም።

እኔን የሚያሳስበኝ ጫቱ ነው። ለቡአ ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ መርፌ ይሰጣል፣ ያ ደግሞ የደም ግፊት ያወርዳል። ግፊቱን ለማንሳት ኤፌድሪን ሲሰጥ የሚሠራው ሰውነት ያከማቸውን ኖርአድሬናሊን (ግፊት የሚያነሳ ኬሚካል) አስለቅቆ ነው። የጫቱ ማነቃቂያ ካቲኖንም ያንኑ ስለሚያስለቅቅ፣ ትናንት ለቃመ ሰው መድኃኒቱ ከልክ በላይ ሊጋልብ ወይም ጭራሽ ላይሠራ ይችላል። የወገቡ መርፌ ካልያዘና በሃሎቴን (በሚተነፈስ ማደንዘዣ) ሙሉ ሰመመን ከተሰጠ የልብ ምት መዛባት ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ ጫት ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለህ ተው፤ ከቃምክም ደብቀህ አትግባ።

ፋርማሲ_መርካቶ
ወንድሜ፣ «ሁሉንም ከሁለት ሳምንት በፊት አቁም» የሚልህን አትስማ። የግፊት፣ የታይሮይድ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የኮሌስትሮል ስታቲን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቆሙም። የዓሣ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ክኒን እና ጂንሰንግ ለመድማት ጥንቃቄ ሲባል አንድ ሳምንት ቀድመው ይቁሙ። ወጥ ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት ምንም አይደለም።

ፕሪወርክአውቱን ከነቆርቆሮው ይዘህ ሂድ። አንዳንዶቹ ያልተጻፈ አነቃቂ አላቸው፣ ማደንዘዣ ባለሙያው ካላየው አያውቀውም።

ብረት_78
አመሰግናለሁ። አንድ የረሳሁት፦ ክብደት ለመጨመር በፌስታል የተሸጠ ስም የሌለው ክኒን ለሁለት ወር ወስጃለሁ፣ ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። ከቡና የሚያሳምመኝ ራስ ምታትስ?

ፋርማሲ_መርካቶ
ይህን ነበር አስቀድመህ መናገር! እንደዚህ የሚሸጥ ክኒን ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፊትን ይሞላል፣ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ሚዛኑ ይወጣል፤ የጭንና የትከሻ ጡንቻን ግን ይበላል። ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ኮርቲዞል (ሰውነት ጫናን የሚቋቋምበት ሆርሞን) ማምረት ሊያቆም ይችላል፣ ያኔ በኦፕራሲዮን ጊዜ ግፊት ወርዶ አልነሳ ሊል ይችላል። ነገ ሄደህ ለሐኪሙ ንገር፣ ፌስታሉ ካለ ውሰደው። ማዞር፣ ማስመለስ ወይም ከባድ ድካም ካለ ቀጠሮ አትጠብቅ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘልህም ስለክኒኑ አስታውሳቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ የተረከዝ ጅማት ሊበጥሱ ይችላሉ።

ሰመመን_ክፍል
ራስ ምታቱ ካፌይን በድንገት ከተቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ከዛሬ ጀምረህ በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ቀንስ፣ ፕሪወርክአውቱንም ተው። አለበለዚያ ከወገብ መርፌ ራስ ምታት ጋር ይምታታል። የመርፌው ስትቀመጥ ይብስና ስትጋደም ይለቃል፣ የቡናው ግን ተጋደምክም ተቀመጥክም ያው ነው።

ጾሙ ለሙሉ ሰመመንም ለወገብ መርፌም አንድ ነው። ኦፕራሲዮኑ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ቅባት ያለው ምግብና የቅቤ ቡና እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ወተትና ቀላል ቁርስ እስከ ሌሊቱ 9፣ ውሃና ባዶ ጥቁር ቡና እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። ጥቁር ሲባል ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ አተላ። ፕሮቲን ሼክ እንደ ወተት ይቆጠራል። ሐኪም ቤቱ ከዚህ ረዘም ያለ ካዘዘህ የእነሱን ተከተል።

ፊዚዮ
ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለው ይቀራል። መራመድ በዚያው ቀን ይጀመራል። ስኳትና ዴድሊፍት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያሉ፣ ያውም ቀዳጁ ሐኪም ካየህ በኋላ። ፕሮቲን በኪሎ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ነው፣ ላንተ ከ94 እስከ 156 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ ሽሮና ምስር ይጨመርበት። ለሕመም ትራማዶል ከታዘዘልህ ሆድ ስለሚያደርቅ ውሃና ጎመን አብዛ፤ ስታምጥ የምትጎዳው ስፌቱን ነው። ሌላውን የሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክን ደግሞ፣ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል፣ ክሬቲኒኑ ሳይደገም ራስህ ገዝተህ እንዳትውጥ።

ብረት_78
ክኒኑ ሦስት ፍሬ ቀርቷል፣ ነገ ይዤው እሄዳለሁ።