ለ.38 ስፔሻል የትኛውን ባሩድ ልያዝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥይት መልሶ በመሙላት የቆያችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የምሞላው .38 ስፔሻል የተባለውን የሪቮልቨር ጥይት ነው፤ 158 ግሬይን (ትንሽ የክብደት መለኪያ) የእርሳስ አረር፣ ለዒላማ ብቻ።

አሁን ያለኝ ባሩድ ዩኒክ ነው፤ ልቀይረው ያሰብኩት በኤችፒ-38 ወይም በታይትግሩፕ ባሩድ ነው። ፍሬው ሰፋፊ ቅርፊት ስለሆነ መስፈሪያው ጉሮሮ ላይ ይደራረባል፤ 4.3 ግሬይን ላይ አስተካክዬ አሥር ጊዜ ብመዝነው ከ4.1 እስከ 4.5 ይዋልላል። መስፈሪያውን ሞልቼ እጀታውን በእኩል ኃይል ባወርድም ለውጥ የለም።

ኤችፒ-38 ደቃቅ ስለሆነ ልኩን ጠብቆ ይወርዳል። ግን የ.38 ቀለህ መጀመሪያ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ፣ ሰፊ ነው፤ ትንሿ ባሩድ ወደ አረሩ ወይም ወደ ፕራይመሩ (ባሩዱን ወደሚያቀጣጥለው ቆብ) ስታዘነብል ፍጥነቱ ይለያያል። ታይትግሩፕ በዚህ አይታማም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ መጠኑ ትንሽ በመሆኑ በስህተት ሁለቴ ቢሞላ እንኳ ከቀለሁ አይፈስም፤ ያ ደግሞ ሽጉጡን ይሰነጥቃል። ለዚህ ነው አረር ከመግጠሜ በፊት ሃምሳውንም ቀለህ ደርድሬ በባትሪ የማየው።

ኤችፒ-38ንና ታይትግሩፕን በእርሳስ አረር የሞከራችሁ፣ አፈሙዙን አንዴ ወደ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ታች አዘንብላችሁ ከዚያ ወደ ዒላማው አቅንታችሁ ስትተኩሱ በፍጥነት መለኪያ ያያችሁት ልዩነት ስንት ነው? ታይትግሩፕስ ጭሱና ሙቀቱ ምን ያህል ነው? የባሩድ መጠን አትጻፉልኝ፤ እሱን ከአምራቹ ሠንጠረዥ፣ ከዝቅተኛው ጀምሬ ነው የምወስደው።