ባንኩ አተረፍኩ የሚለው ብር ለኔ የሚደርሰኝ ነው ወይ?

የደንበጫዋ፦
ሰላም ናችሁ። ደንበጫ መምህርት ነኝ፣ እቁብ ወጥቶልኝ የባንክ አክሲዮን ልገዛበት አስቤ አንድ የስራ ባልደረባዬ የሱን ልሽጥልሽ አለኝ፣ 1,000 ብር የተጻፈበትን አንዱን በ1,500 ነው የሚለኝ። የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርትም በቴሌግራም ላከልኝ፣ ትርፍ 1 ቢሊዮን ይላል፣ ደስ ይላል፣ ግን ገልብጬ ገልብጬ ምንም አልገባኝም። የደንበኞች ተቀማጭ 40 ቢሊዮን የሚለው ዕዳ ስር ነው የተጻፈው፣ ይሄን ያህል ዕዳ ያለበት ባንክ ጤነኛ ነው እንዴ? ደሞ የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ማለት ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ብር ነው? አትሳቁብኝ የኔ ትምህርት ባዮሎጂ ነው 😅

የቡሬ ነጋዴ፦
ኧረ በ1,500! በሱ ብር በርበሬ ያዥበት ሳ። ሪፖርት ወረቀት ነው፣ ወረቀት ላይ ያላተረፈ የለም።

ሂሳብ ሹም ከባህር ዳር፦
የቡሬው ቀልደህ ሞተሃል፣ ግን እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው።

እህቴ መጀመሪያ የዕዳው ነገር። እኔና አንች ባንክ ያስገባነው ብር የኛ ነው አይደል? ስንጠይቅ ይመልሳል፣ ስለዚህ ለባንኩ ዕዳ ነው። ለሰው ያበደረው ደግሞ ለሱ ሀብቱ ነው፣ ምክንያቱም ተመልሶ የሚመጣለት ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ ይገለባበጥበታል ግን ነገሩ ይኸው ነው፣ ሀብት ሁሌም ዕዳና ካፒታል ሲደመሩ እኩል ይሆናል። ካፒታሉ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ብር አይደለም፣ ባለአክሲዮኖች ያዋጡት መጠን ነው፣ ብሩ ራሱ ህንጻ ሆኗል ብድር ሆኗል ኮምፒውተር ሆኗል። ተቀማጩ በዛ ብለሽ አትደንግጭ፣ የሚያስፈራው ያበደረው ካልተመለሰ ነው፣ ስለዚህ የተበላሸ ብድር በመቶኛ ስንት እንደሆነ ፈልጊ፣ ብሄራዊ ባንክ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ትርፉ። 1 ቢሊዮን ብቻውን ምንም አይነግርሽም፣ ለስንት አክሲዮን ነው የሚካፈለው ነው ጥያቄው። 5 ቢሊዮን ካፒታል በ1,000 ብር ሲካፈል 5 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ስለዚህ ለአንድ አክሲዮን 200 ብር። ሻጭሽ «20 በመቶ ያተርፋል» የሚልሽ ይሄን ነው። ግን ከተጣራ ትርፍ ላይ ባንክ በየዓመቱ 25 በመቶ ለህጋዊ መጠባበቂያ ማስቀመጥ ግዴታው ነው፣ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ። 150 ቀረ። አንች ደግሞ የምትገዥው በ1,000 አይደለም በ1,500 ነው፣ ስለዚህ ላንች 10 በመቶ ነው። እሱም የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ይከፋፈል ካለ ነው፣ ካፒታል ማሳደጊያ ይሁን ካሉ በብር ፋንታ አክሲዮን ነው የሚሰጡሽ፣ ከሚከፋፈለውም ላይ ታክስ አለ።

ዳሞት፦
ሂሳብ ሹም ጥሩ ብለሃል፣ እኔ አንድ ልጨምር። ሪፖርቱ የ2017 በጀት ዓመት ከሆነ ትርፉ ከየት እንደመጣ እይ። ሐምሌ 22/2016 ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 በላይ ሲገባ፣ ከዶላር ዕዳው የዶላር ሀብቱ የሚበልጥ ባንክ ቁጭ ብሎ ነው ያተረፈው። እሱ በየዓመቱ አይደገምም። የወለድ ገቢና የምንዛሪ ገቢ ለየብቻ ተጽፈዋል፣ የወለዱን ካለፈው ዓመት ጋር አስተያይው።

የቡሬ ነጋዴ፦
እኔ የማይገባኝ አተረፍኩ ይላል ግን ብሩ የለም የሚሉት ነገር ነው

ሂሳብ ሹም ከባህር ዳር፦
አንተ በርበሬውን ለአዲስ አበባው ነጋዴ በዱቤ ስትሰጥ አትርፈሃል ግን ኪስህ ባዶ አይደል? ያው ነው፣ ባንክም ወለዱ ገና ሳይከፈለው ገቢ ብሎ ይጽፋል። ብሩ መግባት አለመግባቱ የሚታየው የገንዘብ ፍሰት መግለጫ የሚለው ገጽ ላይ ነው፣ ሰው ግን የፕሬዝዳንቱን ፎቶና መልእክት አይቶ ይዘጋዋል 😂

የደንበጫዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ በጣም ነው የገባኝ። አሁን ሳየው ግን 1 ቢሊዮኑ «ከታክስ በፊት» ይላል ከስሩ በትንሽ ፊደል። ይለወጣል?

ሂሳብ ሹም ከባህር ዳር፦
እንዴታ! የድርጅት ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው፣ በደፈናው ብንወስደው 700 ሚሊዮን ቀረ፣ ለአንድ አክሲዮን 140፣ መጠባበቂያው ሲወጣ 105። በ1,500 ስታስቢው 7 በመቶ፣ ይሄ እኮ የቁጠባ ወለድ ነው። ትክክለኛውን ታክስ ግን ሪፖርቱ ላይ አለልሽ ከሱ አስቢው። ለሻጩ ላለማዳላት ግን ሌላም ልንገርሽ፣ ጠቅላላ ካፒታል የሚለውን (መጠባበቂያውና ያልተከፋፈለው ትርፍ ተደምሮበት) ለ5 ሚሊዮን አካፍይው፣ 1,400 ምናምን ከመጣ 1,500 ያን ያህል ዘረፋ አይደለም።

የደንበጫዋ፦
1,240 መጣ።

ዳሞት፦
በይ እንግዲህ ከ1,240 ጀምረሽ ተከራከሪ። ከተስማማችሁም ብሩን ከመስጠትሽ በፊት ዝውውሩ ባንኩ ዋና መስሪያ ቤት የባለአክሲዮን መዝገብ ላይ በስምሽ ይስፈር፣ በወረቀት ውል ብቻ እንዳትቀበይ።