አስቸኳይ! ፕለይ ስለው ስክሪኑ ባዶ ይሆናል

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ናችሁ? ሎድ ብዬ ስጽፍ ፕለይ ተጫን ይለኛል። ስጫነው ጽሑፉ ሁሉ ድርግም! ስክሪኑ ውሃ ሰማያዊ ብቻ። አራቴ ሞከርኩ። ነገ ጠዋት የሰፈር ልጆች ፓስካልና ፎርዝ የሚባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች ሊያዩ ይመጣሉ፤ አፌን ሞልቼ ነግሬያቸዋለሁ። ቶሎ በሉኝ!

ሀይቅ ዳር፦ ምኑን ነው ሎድ የምታደርገው? ሲኖትራክ ነው?

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ኮሞዶር 64 የሚባል የድሮ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ነው። አጎቴ ከውጭ ያመጣው ነው። ፕሮግራሙ የሚነበብበት የካሴት ማጫወቻውም የራሱ የኮምፒውተሩ ነው።

የጦሳው፦ መጀመሪያ ማሽኑን እወቀው። በፈረንጆቹ 1982 የወጣ ነው። ሚሞሪው 64 ኪሎባይት ቢባልም ቤዚክ ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚተርፈው 38911 ባይት ነው፤ ስታበራው ራሱ ይጽፍልሃል። ቤዚክ ሮሙ (ሲጠፋም የማይሰረዘው ሚሞሪ) ውስጥ ስላለ ወዲያው ታገኘዋለህ። ኒክላውስ ቪርት የፈጠረው ፓስካል ግን ከውጭ መጫን አለበት። ቻርልስ ሙር የፈጠረው ፎርዝ ደግሞ ለወሎ ልጅ አይከብድም። ሁለትና ሦስትን ለመደመር 2 3 + . ትላለህ። ምን መደረግ እንዳለበት መጨረሻ ላይ ነው የሚነገረው፣ ልክ እንደ አማርኛ ግስ።

ጠያቂ፦ እሺ ጋሼ፣ ስክሪኑስ?

ቆጣሪ፦ አጥፍተህ አብራው።

ኮምቦልቻ፦ ምን አደከመህ? ላፕቶፕ ላይ ቫይስ የሚባለውን ኢሙሌተር (ኮሞዶርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ጫን። ያው ነው።

ጠያቂ፦ ያው አይደለም! ላፕቶፕማ ሁሉም አይቷል። ልጆቹ ቁልፎቹን እንዲነኩ ነው የፈለግኩት።

የባቲ ልጅ፦ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ካሴት በስህተት ቴፕ ውስጥ ገባ። ሲያፏጭ እናቴ «ይሄ ደግሞ ባቲ ነው አምባሰል?» አለች 😂 ለማንኛውም አብሽር፣ አልተበላሸም። ካሴት ሲያነብ ስክሪኑን ሆን ብሎ ነው የሚያጠፋው። አንተ ደንግጠህ እያቆምከው ነው መሰለኝ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠንጥነውና እንደገና ጀምር። ፋውንድ ብሎ ስም ሲያወጣ የኮሞዶር ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫን። እንደገና ይጠፋል፣ አትንካው። በሰከንድ 50 ባይት ገደማ ነው የሚያነበው። 16 ኪሎባይት ከሆነ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሬዲ ሲል ራን በል። ሎድ ኤረር ካለህ ግን የማጫወቻውን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) በጥጥና በአልኮል ጥረግ።

ሀይቅ ዳር፦ አረቄ አይሆንም?

የባቲ ልጅ፦ አረቄውን ለራስህ አቆየው። የፋርማሲ አልኮል ነው።

ቆጣሪ፦ እኔም እኮ አጥፍተህ አብራው ብያለሁ።

ጠያቂ፦ ኧረ እኔ ግማሽ ደቂቃም አልጠበቅኩት! አሁን ለቅቄዋለሁ።

ጠያቂ፦ ፋውንድ አለ!! ቁልፉን ተጫንኩ፣ ጠፋ። እየጠበቅኩ ነው።

የጦሳው፦ እኛ ሰፈር አሁን መብራት ሄደ። አንተ ጋ አለ?

የባቲ ልጅ፦ ጠያቂ?

ሀይቅ ዳር፦ ጠያቂው ራሱ ባዶ ሰማያዊ ሆነ።