መድኃኒቱን ያቋረጠ ጓደኛ፦ ለአከራዩ እንንገር ወይስ እንሸፍን?

የካራው ልጅ
ሰላም ጎበዝ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ። አብሮ አደጌ የጂፕሰም ሠራተኛ ነው፤ ካራ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። የሳንባ ቲቢ ተገኘበትና ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያስጀምሩት «ስትውጥ የሚያይህ ሰው አምጣ» አሉት። እኔ ፈረምኩ። ሕክምናው 6 ወር ነው። የመጀመሪያውን 2 ወር በየጠዋቱ በሩን እያንኳኳሁ አስዋጥኩት። ሳሉ ጠፋ፣ ሱሪው እንኳ ጠበበው። ከዚያ የእኔ ሥራ ወደ ሰንዳፋ ዞረ። «ራሴ እውጣለሁ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለኝ፤ አመንኩት።

ባለፈው እሑድ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ልናሰጣ ስናነሳው ኪኒኑ ከሥሩ ተደርድሮ አገኘሁት። አንድ ፍሬ አልተፈለቀቀም፤ የጀርባው ብርማ ወረቀት እንኳ አልተጨማደደም። የ5 ሳምንት ነው! «ጨጓራዬን አቃጠለኝ፣ ደግሞም ድኛለሁ» አለኝ እየሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ሳል ያዘው።

አከራዩዋ እማማ 3 ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጅ አላቸው። ልጁ ከጓደኛዬ ጭን አይወርድም። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

ባለ ባጃጁ
ይሄማ ምን ያጠያይቃል? ንገራቸው። ሕፃኑ ምን አጠፋ?

የጀሞው
ብትነግራቸው በማግስቱ ፍራሹ ውጭ ነው፣ ያውም ሊሰጣ አይደለም። ወንድሜ ቲቢ ይዞት አከራዩ መጀመሪያ ብርጭቆ ለየበት። ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በብርጭቆ አይተላለፍም ብንል ማን ይስማን! ወሩ ሳይሞላ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ተባለ። ወንድሜ ሌላ ሰፈር ሄደና ለማንም ትንፍሽ ሳይል ኖረ፤ ካርዱም እዚያው ጤና ጣቢያ ቀረ። ቤት የሌለው ሰው ኪኒን ቆጥሮ አይውጥም።

ባለ ባጃጁ
ስለዚህ ሕፃኑ ይሳል?

ነርሷ
ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ለእማማ አትንገር፤ ለእኛ ንገር። እኛ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብን፣ የቅርብ ንክኪ ያላቸውንም እንመረምራለን። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቲቢ ከሌለበት መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ክፍያ የለውም።

ጨጓራውን ካቃጠለው ቢነግረን ምግብ ቀምሶ እንዲወስድ እናደርግ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም አረቄ የሚቀምስ ከሆነ ግን ጉዳዩ የጉበት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይምጣ። ያገኘኸውን ኪኒን በራስህ አታስጀምረው። መጀመሪያ አክታው በጂን ኤክስፐርት ይታይ፤ ማሽኑ ጀርሙ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲንን፣ መላመዱን በ2 ሰዓት ገደማ ይለያል። ተላምዶ ከሆነ መንገዱ ይረዝማል። በ2001 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ማከም ሲጀመር ወደ 2 ዓመት ይፈጅ ነበር፤ መርፌው ጆሮ የነሳቸው አሉ። ዛሬ አጥሯል፣ መርፌውም ቀርቷል፤ ቢሆንም ለጠላቴ አልመኘውም።

እንደገና ሲጀምር «ዋጥኩ» ቢልህ ሽንቱን እይ። ሪፋምፒሲን ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ ውኃ ከመሰለ አልዋጠም።

ባለ ባጃጁ
እህቴ፣ ገዋን ለብሳችሁ ሰርቪስ ቤት ስትገቡ ግቢው አያውቅም? እማማ ቡና አፍልተው ነው የሚያጣሩት።

ነርሷ
ልክ ነህ፣ ይህን አልክድም። ገዋኑን ቦርሳ ውስጥ ከትተን የሄድንበት ጊዜ አለ።

የእድሩ ጸሐፊ
ልጆች፣ የቀን ሠራተኛ መሆኑንም እዩለት። ፎርማን 1:30 ላይ ስም ይጠራል፤ ጤና ጣቢያ ሲከፈት እሱ ስካፎልድ ላይ ነው። የቀረ ቀን ሂሳብ የለም። አንተስ ልጄ፣ ሥራህ ሲዞር ምነው ሰው ሳትተካ ሄድህ?

የካራው ልጅ
ጋሼ፣ ኪኒኑ እኮ ፍራሹ ሥር ነው የነበረው። ፎርማኑ ምን አደረገ? ሁለተኛውን ግን ተቀብያለሁ። መተካት ነበረብኝ።

የጀሞው
ባዶ ሆዱን ውጦ ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው ጨጓራው ቢቃጠል ይገርማል?

ባለ ባጃጁ
የሕፃኑስ ነገር?

የካራው ልጅ
ዛሬ ማታ ሄድኩ። «ነገ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ ካልሄድን እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ፊርማዬ እዚያ ነው» አልኩት። «እንግዲያውስ ንገር፣ ወሬኛ» ብሎ ዘጋኝ። ቆይቶ ከበሩ ውስጥ «በስንት ሰዓት?» አለ።

ስወጣ እማማ ልጁን አዝለው ቆመዋል። «ጓደኛህ ምን ነካብኝ? ሌሊቱን ሲስል ያድራል» አሉኝ። «የጂፕሰሙ አቧራ ነው» አልኳቸው።

ባለ ባጃጁ
ዋሸሃቸው።

የካራው ልጅ
አዎ።

ነርሷ
ስትመጡ የልጁን ነገር አንሳልኝ፤ እንዳትረሳ።

ባለ ባጃጁ
2 ሰዓት ላይ ካራ አስፋልቱ ጋ እጠብቃችኋለሁ። ባጃጄ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፣ አየር አለው። ጭምብል ግን ያድርግ።