«ናፈቀኝ» ወይስ «ትዝ ይለኛል»? አንድ የእንግሊዝ አራሽ ስለ ፈረሶቻቸው በተናገሩት ቃል ላይ

እንግዳ ከሰፎክ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሥራዬ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ፣ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከምረዳቸው ሰዎች አንዱ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አባት ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት በ14 ዓመታቸው ከትምህርት ቤት ወጥተው፣ በሰው እርሻ ተቀጥረው በፈረስ ያረሱ ናቸው። ሻይ እየጠጡ የሚያወጉኝን ማታ ማታ በአማርኛ እየጻፍሁ ጎጃም ላሉት አባቴ እልካለሁ። አባቴ እስካሁን በበሬ ስለሚያርሱ ከደብዳቤዬ ውስጥ ደጋግመው የሚያስነብቡት ይህንኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው የተናገሩት አንድ ቃል ግን ብዕሬን አስቁሞታል። ወደ እኛ ቋንቋ ሳመጣው እንዲህ ይሆንልኛል፦ «የሚናፍቀኝ ሥራው አይደለም፤ ገና ሳይነጋ ፋኖሴን ይዤ ጋጣው ስገባ ፈረሶቹ ድርቆሽ ሲያኝኩ የሚሰማው ድምፅ ነው።» ፈረሶቹ ከተሸጡ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ጋጣውም ዛሬ የሰው መኖሪያ ሆኗል። እኔ በለመድሁት አነጋገር ደግሞ ናፍቆት ተመልሶ ሊገኝ ለሚችል ነገር ነው። ልጅ ይናፍቃል፣ አገር ይናፍቃል፤ ያለፈውና የሞተው ግን ትዝ ይላል እንጂ ይናፍቃል ወይ? «ናፈቀኝ» የሚለውን ልተወው ወይስ «ትዝ ይለኛል» ብዬ ላርመው? ሁለተኛው ጥያቄዬ ትንሽ ነው፤ «በቀን አንድ ኤክር አርስ ነበር» ይላሉ፤ ኤክርን ለአባቴ ምን ብዬ ላስረዳቸው?

የግስ ወዳጅ

እኅቴ፣ መልሱ ያለው ከሥሩ ነው። በግእዝ ነፈቀ ማለት ከፈለ፣ ለሁለት ቈረጠ ማለት ነው። መንፈቅ እኩሌታ ነው፤ መንፈቀ ሌሊት እኩለ ሌሊት ነው፤ ንፍቀ ክበብ የሚለውን ደግሞ ማንም ተማሪ ከጂኦግራፊ መጽሐፉ ያውቀዋል። ስለዚህ የናፈቀ ሰው ማለት እኩሌታው እዚህ፣ እኩሌታው እዚያ የቀረ፣ የተከፈለ ሰው ማለት ነው። ለመከፈል ደግሞ የተለየው ነገር በሕይወት መኖር አያስፈልገውም፤ እንዲያውም የሞተው ይበልጥ ይከፍላል። «ናፈቀኝ» ይበሉ፤ አይጠራጠሩ።

ዘዲማ

«አይጠራጠሩ» ማለትዎ ሳያስቡት የመጣ ቅኔ ሆኖብኛል፣ ወንድሜ፤ ምክንያቱም የጠቀሱት ግስ በራብዕ፣ ማለትም በ«ነ» ፈንታ በ«ና» ሲነገር፣ ትርጉሙ መጠራጠር ነውና። ነፈቀ ሌላ፣ ናፈቀ ሌላ ነው። በግእዝ ናፈቀ ማለት ተጠራጠረ፣ በሁለት ልብ ቆመ ማለት ሲሆን መናፍቅም ኑፋቄም የሚወጡት ከዚሁ ነው። ግእዙ ስለ መናፈቅ በእኛ ስሜት መናገር ሲፈልግ በሌላ ግስ ነው የሚናገረው። አማርኛው መዝሙረ ዳዊት ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ «እንደሚናፍቅ» ያለውን፣ በግእዙ 41ኛ መዝሙር «ከመ ያፈቅር ኀየል ኀበ አንቅዕተ ማያት» ሆኖ ያገኙታል። ያፈቅር እንጂ ይናፍቅ አላለም። የአማርኛውን ናፍቆት ጎትተው ከግእዙ ነፈቀ ጋራ ማጋባትዎ እንግዲህ ያለ ምስክር የተፈጸመ ጋብቻ ነው።

ቆሎ ተማሪ

እንግዲያው ልጅነቱን የሚናፍቅ ሁሉ መናፍቅ ነው ማለት ነው? ሽማግሌው ሳያውቁት እንዳይወገዙብን እሠጋለሁ።

የግስ ወዳጅ

ቀልዱን ለባለቤቱ ትቼ ለዘዲማ ልመልስ። እኔም ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የተቀኘሁ ሰው ስለሆንሁ ራብዑን «ና» ከግዕዙ «ነ» መለየት አይጠፋኝም። የምለው ግን መጠራጠርም ራሱ መከፈል ነው ነው። በሁለት ልብ የቆመ ሰው ልቡ ተከፍሏል። እንዲህ ከሆነ ነፈቀም፣ የግእዙ ናፈቀም፣ የአማርኛው ናፍቆትም አንድ ግንድ ላይ የበቀሉ ሦስት ቅርንጫፎች ናቸው። ለመሆኑ ሽማግሌው ቢፈቀድላቸው ወደዚያ ኑሮ ይመለሱ ነበር? «እመለሳለሁም፣ አልመለስምም» ካሉ ነገሩ አለቀ፤ ናፍቆታቸው በግእዙም በአማርኛውም ልክ ነው።

እንግዳ ከሰፎክ

ሳልጠይቃቸው አልቀረሁም። መልሳቸውን ከመንገሬ በፊት ግን ኑሮው ምን ይመስል እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ከዚህ ሆኖ ሲታይ የፖስታ ካርድ ሥዕል ብቻ እንዳይመስል እፈራለሁና።

የሚኖሩበት ቤት የባለ እርሻው ነበር። ሥራውን ያጣ ሠራተኛ ቤቱንም ያጣ ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ውል በሕግ የተገታው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ውኃ የሚቀዳው ከጓሮ ጕድጓድ ነበር። ዝናብ ሲመጣ የእህል ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ማረሳቸውን ይቀጥላሉ እንጂ ካፖርት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ስኳርና ሥጋ በራሽን ነበር፤ የሥጋው ራሽን የተነሣው ጦርነቱ ካበቃ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1954 ነው። ትልሙ ዘጠኝ ኢንች የሚሰፋ ከሆነ አንድ ኤክር ለመጨረስ አራሹ ከፈረሶቹ ኋላ 11 ማይል ይራመዳል፤ በእኛ ስሌት ወደ 18 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ያውም ጫማው ላይ ጭቃ ተሸክሞ።

ፈረሶቹ የአውራጃው ዘር ነበሩ። ሁሉም ቀያይ ናቸው፤ እግራቸው እንደ ሌሎቹ የጭነት ፈረሶች ጠጕር ስለማይበዛበት የሰፎክ ጭቃ አይጣበቅባቸውም። ባለ እርሻው አንድ ቀን ኮቨንትሪ ላይ የተሠራች ትንሽ ግራጫ ፈርጉሰን ትራክተር ገዛ። ያች ትራክተር ከ1946 እስከ 1956 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ በየመንደሩ የፈረስን ጋጣ ባዶ ካስቀሩት አንዷ እርሷ ናት። በ1966 በዚያ ዘር መዝገብ የገቡት ውርንጭሎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ቢመለሱ ይወዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው ያሉኝ ይህ ነው፦ «ጕልበቴን ካልመለስሽልኝ እርሻውን ብትመልሺልኝ ምን ዋጋ አለው?» አዎንም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ።

ባለ ትዝታ

ይህን ካነበብሁ በኋላ «ትዝ ይለኛል» የሚለው ብቻ እንደሚስማማ አልጠራጠርም። አማርኛ ላለፈ ነገር የራሱ ቃል አለው፤ ያም ትዝታ ነው፤ ቃል ብቻም ሳይሆን ቅኝት አበጅቶለታል። ባቲም አምባሰልም አንቺ ሆዬም ቅኝት ናቸው፤ በስሜት ስም የተጠራው ግን ትዝታ ብቻ ነው። የቃሉም ሥር ከቤተ ክርስቲያን የራቀ አይመስለኝም። «ውስተ አፍላገ ባቢሎን ህየ ነበርነ ወበከይነ ሶበ ተዘከርናሃ ለጽዮን» ይላል። ያለቀሱት ጽዮንን ተዘክረው፣ ማለትም አስታውሰው ነው፤ ተዘከረ በሰው አፍ እያጠረ ሄዶ ትዝ ሆነ ብዬ አምናለሁ።

ዘዲማ

ተዘከረ ትዝ ከሆነ «ከረ» የት ገባ?

ቆሎ ተማሪ

ጅብ በላው፣ መምህር።

ዘዲማ

እንግዲያውስ ጅቡ ባለ ትዝታንም እንዳይበላ ልጠንቀቅለት። የጠቀሰው መዝሙር ራሱ ይመሰክርበታልና። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የተቀመጡት ሰዎች ጽዮንን ተስፋ አልቆረጡባትም፤ «ኢየሩሳሌም ሆይ፥ ብረሳሽ» እያሉ የሚምሉት ሊመለሱባት ስለሚሹ ነው። ስለዚህ ዝክር ተመልሶ ለማይገኝ ነገር ብቻ ነው የሚለው አሳብ ገና በ136ኛው መዝሙር ላይ ይወድቃል። እኅታችን የጠየቀችው የተስፋ ልዩነት በዝክርና በናፍቆት መካከል አልተገኘም። ስለ ራብዑ «ና» ደግሞ የግስ ወዳጅ «አንድ ግንድ» ከማለት በቀር አንዳች ማስረጃ እንዳላመጡ ላስታውስ እወዳለሁ።

ባለ ሞፈር

ሊቃውንት ሆይ፣ ሥሩን ስትቆፍሩ ቅጠሉ እንዳይደርቅባችሁ። እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ እርሻ ላይ ግን አድጌአለሁ፣ የምትናገሩትንም ቋንቋ እናገራለሁ። ከ«ናፈቀ» ይልቅ «ኝ»ን ተመልከቱ። «ናፈቅሁት» ስል የምሠራው እኔ ነኝ፤ ልቤን ወደዚያ የምልክ እኔ ነኝ። «ናፈቀኝ» ስል ግን የሚሠራው ያ ነገር ነው፤ መጥቶ የሚይዘኝ እርሱ ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ እንደምንለው ያለ ነው። የራበው ሰው እንጀራ ይኑር አይኑር አይጠየቅም፤ ራበው፣ አለቀ። ስለዚህ የሽማግሌው ፈረሶች ቢሞቱም መናፈቃቸውን የሚከለክላቸው ሰዋስው የለም።

ዘዲማ

መልካም ተናግረዋል፣ ነገር ግን ምሳሌው አልገጠመም። «ራበኝ» ላይ የራበኝ ማን ነው? ባለቤት የለውም። «ልጄ ናፈቀችኝ» ላይ ግን ባለቤቷ ልጄ ናት፤ ግሱ ጾታዋን ተከትሎ «ች» አምጥቷል። እንዳይጠቅሱብኝ አስቀድሜ ልናገር፤ «ራሴን አመመኝ»ም አይገጥምም፤ እዚያ ራሴ ተሳቢ ነውና።

ባለ ሞፈር

እውነት ነው፤ ለእርማቱ አመሰግናለሁ። እንግዲያው የሚገጥመውን ላምጣ፤ «አማረኝ» ነው። አማረ ማለት ቆንጆ ሆነ ማለት ነው፤ «ሥጋ አማረኝ» ሲባል ግን ሥጋው ባለቤት ሆኖ እኔን ይዞኛል፤ ልክ እንደ «ናፈቀኝ»። አምሮት ያለባት ነፍሰ ጡር በጥቅምት ማሽላ እሸት ቢያምራት ይፈለግላታል፤ በየካቲት እሸት ቢያምራት ግን ወቅቱ ስላለፈ ሌላ ግስ ፈልጊ የሚላት የለም። ሽማግሌውን የያዛቸው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከሰባ ዓመት በኋላ ሌሊት ጆሮአቸው ውስጥ የድርቆሽ ማኘክ ድምፅ አማራቸው።

የግስ ወዳጅ

ባለ ሞፈር ሳይቀኙ ተቀኙ። እኔ ደግሞ ስለ እንግሊዝኛው ቃል አንድ ነገር ልጨምር። ያለፈን ዘመን ለመናፈቅ ፈረንጆች ዛሬ ኖስታልጂያ የሚሉት ቃል እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በባዝል ከተማ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከሁለት የግሪክ ቃላት ያጋባው ነው፤ አንዱ ወደ ቤት መመለስ፣ ሁለተኛው ሕመም። ያን ጊዜ የበሽታ ስም ነበር፤ ከአገሩ የራቀ ሰው የሚታመመው በሽታ። በሽተኛው የሚመኘው ቦታን ነበር፤ ዘመንን መመኘት ኋላ የተጨመረ ነው። ቃሉ በፈረንጅ አገር ከቦታ ወደ ዘመን መሻገር ከቻለ፣ የእኛ ናፍቆት እንዳይሻገር ማን ኬላ ዘጋበት?

ባለ ትዝታ

ኬላውን የዘጋው ልማድ ነው። «አያቴ ናፈቁኝ» ያለ ሰው ሄዶ ሊጠይቃቸው ያሰበ ይመስላል። ሞተው ከሆነ ግን ሰሚው ደንግጦ ቀና ይላል።

ባለ ሞፈር

ደንግጦ ቀና ማለቱን እኔም አልክድም። ታዲያ ሽማግሌው የፈለጉት ይህንኑ ቢሆንስ?

እንግዳ ከሰፎክ

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ (ይኸው፣ እኔም «ትዝ አለኝ» አልሁ።) ሽማግሌው የሚያወሩት ሁሉ በጆሮ የተያዘ ነው። የገጠሩን መልክ ሲስሉልኝ አልሰማሁም፤ የልጓም ሰንሰለት፣ የክረምቱ መውቂያ መኪና ጩኸት፣ የእሑድ ደወል ነው። አጃ ከታጨደ በኋላ ነዶው ወደ ክምር ከመግባቱ በፊት ሜዳ ላይ እንደ ቆመ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሦስት ጊዜ መስማት አለበት ይሉ ነበር፤ ሦስት እሑድ ይደር፣ በደንብ ይድረቅ ማለት ነው። አሁን ኮምባይነር በአንድ ቀን አጭዶ ወቅቶ ይሄዳል፤ ደወል የሚሰማ ነዶ የለም። ለድምፅ «ናፈቀኝ» ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው እንግዲህ የጥያቄዬ እምብርት ሳይሆን አይቀርም። ኤክርንም እንዳትረሱብኝ።

ቆሎ ተማሪ

ደወል የሚሰማ ነዶ! ከእኛ መካከል ሦስት እሑድ ደወል ሰምቶ ቅዳሴ የገባ ስንቱ ነው?

ባለ ሞፈር

ኤክርን ጥማድ ይበሏቸው፤ አባትዎ ወዲያው ይገባቸዋል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ኤክርም በጥንት ዘመን እዚያው አገር በሬ ተጠምዶ በቀን የሚታረሰው መሬት ነበር፤ መለኪያ የሆነው ኋላ ነው። መጠናቸው ግን እኩል አይደለም። ኤክር ወደ 0.4 ሄክታር ነው፤ ጥማድ እንደየአገሩ ቢለያይም ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። ፈረሱ ከበሬ ይፈጥናልና «የፈረስ ጥማድ» ብለው ይጻፉ።

ዘዲማ

«የፈረስ ጥማድ» የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። መጥመድ ቀንበር ይፈልጋል። የእንግሊዝ ፈረስ ደግሞ አንገቱ ላይ የሚጠለቅለት ወፍራም የቆዳ ቀለበት እንጂ ቀንበር የለውም። ቀንበር በሌለበት ጥማድ ከየት ይመጣል?

የግስ ወዳጅ

ወጥመድም ከዚሁ ግስ ነው፤ ወጥመድ ላይ ቀንበር አይተዋል? ጠመደ ማለት አሰረ፣ አጣመረ ማለት ነው እንጂ ቀንበር ብቻ አይደለም። ዘዲማ ለፊደል ሲሟገቱ ነገሩ ያመልጣቸዋል።

እንግዳ ከሰፎክ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አባቴን በስልክ አግኝቻቸው ዐረፍተ ነገሩን በሁለቱም መንገድ አነበብሁላቸው፤ አንዴ በ«ናፈቀኝ»፣ አንዴ በ«ትዝ ይለኛል»። የትኛው ይሻላል ብዬ ስጠይቃቸው ጥያቄዬን የሰሙትም አልመሰለኝም። ጥቂት ዝም አሉና «ፈረሶቹን ምን ብለው ነበር የሚጠሯቸው? ጠይቂልኝ» አሉኝ። ነገ እጠይቅላቸዋለሁ።

ዘዲማ

ስማቸውን ሲነግሩሽ እዚህ ጻፊልን፤ የፈረስ ስም የራሱ ግስ አለውና። የግስ ወዳጅ ግን ወጥመድን ጠቅሰው አመለጡ እንጂ ስለ ራብዑ «ና» የመለሱልኝ ነገር እስካሁን የለም።